ሁለት ጠሪ ያለው ልጅ

በ2018 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ የነቢያት ጾም ስለ ነበረ የሽሮው ገበታ ከተነሣ በኋላ ቡና ሲፈላ፣ በቤታችን በሁለቱ ልጆቻችን መካከል ክርክር ተነሣ። የክርክሩም መነሻ በሞሮኮ አገር የሚደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ነበር። የሊቨርፑል ክለብ ወዳጅ የሆነው ታናሹ ልጃችን፣ ግብፃዊው መሐመድ ሳላሕ ክለቡን ትቶ ወደ አገሩ ቡድን በመሄዱ ተቈጥቶ፣ «አባባ፣ ደመወዙን የሚከፍለው ክለቡ አይደለም ወይ? ታዲያ አገሩ በምን መብት ነው በውድድሩ መካከል መጥታ የምትወስደው?» አለን። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው እኅቱ ደግሞ ጀበናውን እንደ ያዘች፣ «እናትህ ብትጠራህ፣ አሠሪዬ አልፈቀደልኝምና አልመጣም ልትላት ነው?» ብላ መለሰችለት።

ከዚህ በኋላ ሁለቱም ዳኝነት ፈልገው ወደ እኛ ተመለከቱ። እኛም ከሃያ ዓመት በላይ በመምህርነት የኖርን፣ ለተጠየቅነውም ሁሉ መልስ መስጠት የለመድን ሰው ነን፤ በዚያች ማታ ግን አቦሉ አልፎ ቶናው እስኪቀዳ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገርንም። ዝም ያሰኘን በመሳቢያችን ውስጥ የሚገኝ አንድ አሮጌ ደብዳቤ ነበር። ስለ ደብዳቤው ኋላ እንናገራለን፤ አስቀድመን ግን የልጆቹን ክርክር በሚገባ እንመርምረው፤ ሁለት ጠሪ ያለው ልጅ በእግር ኳስ ሜዳ ብቻ የሚገኝ አይደለምና።

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ፊፋ የሚባለው፣ ባወጣው ደንብ መሠረት፣ አንድ ተጫዋች ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን በተጠራ ጊዜ ክለቡ ሊለቀው ይገባል። ይህ ግዴታ ግን በዓመቱ የውድድር መቁጠሪያ ላይ አስቀድመው ለተወሰኑት ቀናትና ለታላላቆቹ ውድድሮች ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ክለቡ ቢለቅ በጎ ፈቃዱ ነው፣ ባይለቅም የሚያስገድደው የለም። የጥሪው ጊዜ ካለቀ በኋላ ተጫዋቹ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ጨዋታው በሌላ ክፍለ ዓለም ተደርጎ እንደ ሆነም በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ክለቡ መመለስ አለበት። ክለቡም በእንቢታ ቢያስቀረው፣ በጥሪው ቀናትና ከዚያም በኋላ ባሉት 5 ቀናት ሊያጫውተው አይችልም። እንግዲህ ሕጉ በሁለቱ ጠሪዎች መካከል ቀን ከፍሎ የሚያስማማ ሽማግሌ መሆኑ ነው።

በቀድሞው ዘመን እንዲህ ያለ ሽማግሌ እምብዛም አያስፈልግም ነበር። በ1954 ዓ.ም. በጥር ወር፣ አገራችን በአዲስ አበባ በተደረገው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የተባበረችውን የዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ግብፅን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን በወሰደች ጊዜ፣ ቡድኑን ከመሩት አንዱ የሆኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መንግሥቱ ወርቁን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለመጥራት ባሕር መሻገር አላስፈለጋቸውም። ጠሪውና ለቃቂው በአንድ ከተማ የሚኖሩ፣ በአንድ ሜዳ የሚገናኙ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን አንድ ብሔራዊ ቡድን በውጭ አገር ከሚጫወቱት ልጆቹ ከሁለት የሚበልጡ እንዳያሰልፍ ደነገገ፤ ይህም ደንብ እስከ 1982 ጸንቶ ቆየ። ደንቡ ከተነሣ በኋላ የአፍሪካ አገሮች በአውሮፓ የተበተኑትን ልጆቻቸውን በሙሉ መጥራት ቻሉ። ከዚያ ወዲያ የአፍሪካ ዋንጫ በጥር ወር በመጣ ቍጥር፣ የአውሮፓ ሊግ መካከል ላይ የሚገኝበት ወቅት ነውና፣ ጠቡ ከዓመት ወደ ዓመት እየከረረ ሄደ።

የክለቦቹም አቤቱታ ከንቱ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004 አብደልመጂድ ኡልመርስ የሚባል የቤልጅጉ የሻርለሯ ክለብ ተጫዋች ለአገሩ ለሞሮኮ ተጠርቶ ከቡርኪና ፋሶ ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ላይ ክፉኛ ተጎዳ፤ ለብዙ ወራትም ከሜዳ ራቀ። የጠራው አገሩ ነበር፤ በታመመበት ጊዜ ሁሉ ደመወዙን የከፈለው ግን ክለቡ ነበር። ሻርለሯ ታላቅ ሀብት ያለው ክለብ ስላልነበረ ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ጂ-14 ይባል የነበረው የታላላቆቹ የአውሮፓ ክለቦች ማኅበርም ከጎኑ ቆመ፤ ጉዳዩም በ2006 ሉክሰምበርግ ወደሚገኘው ወደ አውሮፓ ፍርድ ቤት ተመራ። ዳኞቹ ሳይፈርዱበት በጥር 2008 በዕርቅ አለቀ። ፊፋ ከዓለም ዋንጫው ገቢ ለክለቦች ማካፈልን ተቀበለ፤ ጂ-14ም ፈረሰ፤ በምትኩም ሰፋ ያለ የአውሮፓ ክለቦች ማኅበር ተቋቋመ። በ2010 የዓለም ዋንጫ ለክለቦች የተከፈለው 40 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2022 ወደ 209 ሚሊዮን አደገ፤ ለ2026ም 355 ሚሊዮን ተመደበ። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ለብሔራዊ ቡድኑ ሲጫወት ተጎድቶ ከ28 ቀን በላይ መጫወት ለተሳነው ሰው፣ ፊፋ ደመወዙን እስከ አንድ ዓመት ድረስ፣ ከ7.5 ሚሊዮን ዩሮ ሳይበልጥ፣ ለክለቡ ይተካለታል።

ይህን ሁሉ ባነበብን ጊዜ ትዝ ያለን የልጅነት መምህራችን፣ የኔታ ናቸው። እኛ ከተወለድንበት ደብር ወጥተን፣ ወንዝ ተሻግረን፣ በሌላ ደብር በቆሎ ተማሪነት ንባብና ዜማ ስንማር በድቁናም እናገለግል ነበር። አንባብያን እንደሚያውቁት ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን ባነሰ፣ ማለት ከሁለት ካህናትና ከሦስት ዲያቆናት ባነሰ አይቀደስም። በዚያች ደብር የነበርነው ዲያቆናት ሦስት ብቻ ነን፤ አንድ የጐደለ እንደ ሆነ መቅደሱ ያለ ቅዳሴ ይውላል። አንድ ዓመት የተወለድንባት ደብር ንግሥ በእሑድ ቀን ዋለ፤ ከዲያቆናቷም አንዱ ታሞ ተኛ። የደብሩም ሰዎች መልእክተኛ ልከው፣ «ልጃችን ነው፤ ክርስትና የተነሣውም ከእኛው ዘንድ ነው፤ ስጡን» አሉ። የኛ ደብር ሰዎች ደግሞ፣ «ያስተማርነው እኛ፣ የሚበላውም ከእኛው ደጅ ለምኖ ነው፤ በእሑድ ቅዳሴያችንን ልታስታጕሉ ነው ወይ?» ብለው ተቈጡ። ዕድሜያችን ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ነበር፤ ስለ እኛ በሚደረገው ሙግት መካከል ቆመን የምናየው አፈሩን ብቻ ነበር።

የኔታ ሁለቱንም ወገን እስኪጨርሱ ሰምተው፣ ወደ እኛ ዘወር አሉና፣ «አንተስ ምን ትላለህ?» አሉን። በዚያ ዘመን ተማሪ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅምና ከድንጋጤ የተነሣ አንደበታችን ተያዘ፤ በመጨረሻ፣ «እናቴን አያታለሁ፤ ብሄድ ደስ ይለኛል፤ የኛ ቅዳሴ ግን እንዳይታጐል» አልን። እሳቸውም ለመልእክተኞቹ፣ «እንግዲያውስ ውሰዱት። ነገር ግን በእርሱ ፈንታ ለእሑድ የሚቆም ዲያቆን ከሌላ ደብር ለምናችሁ አምጡልን። ደግሞም ጠሪዎቹ እናንተ ናችሁና፣ በመንገድ አንዳች ነገር ቢያገኘው እስኪድን ድረስ ቀለቡ ከእናንተ ነው» አሏቸው። ሰዎቹም እሺ ብለው ቃል ገቡ።

የኔታ የፈሩት አልቀረም። ከንግሡ ስንመለስ በወንዙ ድንጋይ ላይ አዳልጦን ቁርጭምጭሚታችን ወለም አለ። የሸኘን ሰው በጀርባው አዝሎ አደረሰን፤ በማግሥቱም ከተወለድንባት ደብር ሁለት ቁና ጤፍ ወደ ተማሪዎቹ ጎጆ ተላከ። የቆሎ ተማሪ እግሩ ከታመመ ዞሮ መለመን አይችልምና፣ ያ ጤፍ ሦስት ሳምንት አኖረን። ሉክሰምበርግ ድረስ የተሄደበትን ነገር የኔታ በአንዲት ደጀ ሰላም ጥላ ሥር፣ ጉዳቱ ሳይደርስ አስቀድመው ጨርሰውት ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ያለ መምህር ያሳደገን እኛ ግን ተራው በደረሰን ጊዜ ምን አደረግን? በ2005 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር፤ ከማስተማራችን ጋር የትምህርት ቤቱን የእግር ኳስ ቡድን የምንመራው እኛ ነበርን። በቡድኑ ውስጥ ኳስ የታዘዘችለት አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ስሙን እንተወው። ጥር ወር ላይ ለዋንጫ ልንጋጠም አንድ ሳምንት ሲቀረን፣ ይህ ልጅ ለዞኑ ምርጥ ቡድን ልምምድ እንዲላክ የሚጠይቅ ደብዳቤ በእጃችን ደረሰ። የጥሪውም ሳምንት የኛ ዋንጫ የሚውልበት ሳምንት ነበር።

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበን አጠፍነውና ከመሳቢያችን ውስጥ ከተትነው። ለራሳችንም ምክንያት ደረደርን። ታኬታውን የገዛንለት ከደመወዛችን ቀንሰን ነው፤ ሲጠማ ውኃ፣ ሲደክም ምክር የሰጠነው እኛ ነን፤ ዞኑ ልጁ የት እንደ ነበረ እንኳ አያውቅም ነበር፤ ደግሞስ አንድ ሳምንት ምን አላት? ዋንጫው ካለፈ በኋላ እንልከዋለን አልን። ጨዋታው ደረሰ፤ ልጁም ግብ አገባ፤ ዋንጫውን ወሰድን። በዚያው ሰሞን ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ በደቡብ አፍሪካ ይጫወት ነበር። ጥር 13 ቀን የቀድሞዋን ባለዋንጫ ዛምቢያን አንድ ለአንድ ሲለያይ፣ ለአዳነ ግርማ ግብ ከሕዝቡ ጋር አብረን ጮኽን። ከግብፁ ከዋዲ ደግላ ክለብ ተጠርቶ የመጣውን ሳላዲን ሰኢድንም እያየን፣ «እነዚህን ልጆች እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ የለቀቃቸው ሰው ነበር» የሚል ሐሳብ መጣብን፤ ቶሎ ብለን ግን ከልባችን አወጣነው።

ዋንጫው ካለፈ በኋላ ልጁን ለመላክ ብንጠይቅ የዞኑ ምርጫ ተዘግቷል ተባልን። ልጁ ግን ነገሩን በሌላ ትምህርት ቤት ከሚማር ጓደኛው ሰምቶ ኖሮ፣ ከመምህራን ክፍል ደጃፍ ቆሞ፣ «መምህር፣ ለእኔ ደብዳቤ መጥቶ ነበር ወይ?» አለን። እኛም፣ «ዘግይቶ ነው የደረሰን» አልነው። ይህ ሐሰት ነበር። ልጁ እጅ ነሥቶ ሄደ፤ የሚቀጥለውንም ዓመት ለእኛ ተጫወተልን፤ ደብዳቤውን ግን ቀድደን ለመጣል ድፍረት አላገኘንም፤ ከቤት ወደ ቤት፣ ከከተማ ወደ ከተማ ስንዛወር አብሮን ዞረ።

በዚያች የታኅሣሥ ማታ ዝም ያልነው ስለዚህ ነው። የልጃችንም ጥያቄ ከዚሁ ነገር ጋር በብዙ መንገድ ይገናኝ ነበር። የሞሮኮው ውድድር በዲሴምበር 21 ቀን 2025 የሚጀመር ሲሆን፣ ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን በዲሴምበር 8 እንዲለቁ ይጠበቅ ነበር፤ ፊፋ ግን ጊዜው ሲቃረብ ወደ 15 አሻገረው። ክለቦቹ አንድ ሳምንት አተረፉ፤ የአፍሪካ አሠልጣኞች ከልምምዳቸው አንድ ሳምንት ከሰሩ። አንድ ሳምንት ምን አላት የሚለውን ቃል እኛም በዘመናችን ብለነዋልና፣ ለማን እንደምታጥርና ለማን እንደምትረዝም እናውቃለን። በዚያው ወር የአፍሪካ ዋንጫ ከ2028 ወዲያ በየሁለት ዓመቱ መሆኑ ቀርቶ በየአራት ዓመቱ እንደሚደረግ ተነገረ።

ገንዘብ የማያስታርቀው ነገርም አለ። በጥር 2024 በኮትዲቯር አገር፣ ይኸው ሳላሕ ከጋና ጋር ሲጫወት ጡንቻው ተጎድቶ፣ በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ለሕክምና ወደ ሊቨርፑል ተመለሰ። በአገሩም «የቡድኑ አለቃ ሆኖ ጓደኞቹን ትቶ እንዴት ይሄዳል?» የሚሉ ወቃሾች ተነሡበት። ንጉሥ ሰሎሞን በአንድ ሕፃን በተካሰሱት ሁለት ሴቶች መካከል የፈረደው ፍርድ የታወቀ ነው፤ በዚያ ፍርድ ውስጥ አንዲቱ እናት ሐሰተኛ ነበረች። እዚህ ግን አንዲቱ የወለደች ናት፣ ሁለተኛዪቱም ያሳደገች ናት፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ልዩነቱም ይህ ሕፃን አድጓል፤ አፍ አለው፤ ሊጠየቅ ይችላል።

የተጠየቀ ልጅ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ምሳሌ በ2008 ታይቷል። በቤጂንግ ኦሊምፒክ ዋዜማ ባርሴሎና ወጣቱን ሊዮኔል ሜሲን ለአርጀንቲና አልለቅም ብሎ ወደ ስፖርቱ የግልግል ፍርድ ቤት ሄደ፤ ኦሊምፒኩ በግዴታው መቁጠሪያ ውስጥ ስላልነበረ ክለቡ ረታ። አዲሱ አሠልጣኝ ጓርዲዮላ ግን፣ እርሱ ራሱ በ1992 የኦሊምፒክ ባለወርቅ ስለ ነበረ፣ የልጁን ልብ ተረድቶ ሕጉ ባያስገድደውም ፈቀደለት። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ወርቅ ባገኙበት በዚያው ኦሊምፒክ፣ ሜሲም ከአርጀንቲና ጋር ወርቅ ይዞ ተመለሰ፤ በዚያው የውድድር ዓመት ባርሴሎና የስፔንን ሊግ፣ የስፔንን ዋንጫና የአውሮፓን ዋንጫ ጠቅልሎ ወሰደ። መልቀቅ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ዋጋ ይከፍላል አንልም፤ ነገር ግን በፈቃዱ የሄደ ልጅ በፈቃዱ ይመለሳል።

ለገና በዓል ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ደብዳቤውን በኪሳችን ይዘን ወደዚያች ከተማ ተጓዝን። የቀድሞው ተማሪያችን አሁን ባጃጅ ይነዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ደግሞ የሠፈሩን ሕፃናት ሰብስቦ ኳስ ያለማምዳል። ከአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ደብዳቤውን ሰጠነው፤ የዋሸነውንም ነገር ሳንቀንስ ነገርነው፤ ይቅርታም ለመንነው። ቀኑን አነበበና ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በኋላም፣ «መምህር፣ ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ኖሮ፣ ምናልባት ለትምህርት ቤታችን ዋንጫ ስል እኔው ራሴ እቀር ነበር። ግን አልጠየቁኝም» አለን።

ለዐሥራ ሦስት ዓመት የወሰድንበት አንድ የልምምድ ሳምንት ይመስለን ነበር፤ የወሰድንበት ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር መሆኑን በዚያች ሰዓት ዐወቅን። ቢጠየቅ ኖሮ ለእኛ ሲል መቅረቱ ስጦታው ይሆን ነበር፤ እኛ ግን ሊሰጠን የሚችለውን ነገር ሰረቅነው። ልጁም ደብዳቤውን አጥፎ ከደረት ኪሱ አኖረው፤ በባጃጁም እስከ መናኸሪያ አደረሰን፤ ሒሳብ ብንዘረጋለት አልቀበልም ብሎ እጃችንን መለሰ።

ወደ ቤታችን ተመልሰን ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ነገርናቸው። ታናሹ ልጃችን እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ «ታዲያ ሳላሕ የማን ነው?» አለን። «የጠራው ሁሉ ፈቃዱን ይጠይቀው፤ የወሰደውም ሁሉ እግሩን ይጠብቅለት፤ የማን እንደ ሆነ ግን እርሱ ራሱ ይናገር» አልነው። መልሳችን እምብዛም ደስ ያሰኘው አይመስልም፤ እርሱ የፈለገው የአንዱን ወገን መርታት ነበርና።

ሰሞኑን ደግሞ ታላቂቱን ልጃችንን ሰንበት ትምህርት ቤቷ ለመዝሙር፣ ትምህርት ቤቷም ለጥያቄና መልስ ውድድር፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ጠሯት። ሁለቱም ደብዳቤዎች የደረሱት በአባትነታችን በእኛ እጅ ነው። እናቷ መዝሙሩን ትመርጣለች፤ እኛም መምህር እንደ መሆናችን ልባችን ወዴት እንደሚያደላ አንባቢ ሳይገምት አይቀርም። ሆኖም ሁለቱን ወረቀቶች ወደ መሳቢያው አላቀረብናቸውም፤ ከገበታው ላይ ጎን ለጎን አኑረን፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለን ጠየቅናት። ሦስት ቀን አስብ ዘንድ ጊዜ ስጡኝ ብላናለች፤ እኛም እየጠበቅን ነው።